ንግግሩን አደነቅን፤ ከዚያስ?

መጋቢት 24 ቀን 2010 ዓ.ም. ዶክተር ዐቢይ አሕመድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ሲሰየሙ በፓርላማ ያደረጉትን ንግግር፣ ከኢሕአዴግ በጎ ነገር አይጠበቅም ይል የነበረው ሰው ሁሉ ጆሮውን ቀስሮ አዳመጠው። በ2008 ዓ.ም. ክረምት በጎንደርና በባሕር ዳር ደም ፈሷል፤ በዚያች ቀንም አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረች። ታዲያ ከዚያው ከገዥው ግንባር የወጡ ሰው ስለጠፋው ሕይወት ይቅርታ ጠየቁ፤ «ተቃዋሚ» ይባሉ የነበሩትን ፓርቲዎች «ተፎካካሪ» አሏቸው፤ ለኤርትራም የሰላም እጅ ዘረጉ። በማግሥቱ ያልተጠበቀ አድናቂ በዛ።

ዛሬ «ያኔ ያጨበጨበ ሁሉ ተሞኘ» የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። መልካም ቃል ሰምቶ መደሰት ነውር አይደለም። ቃል ዋጋ ባይኖረው ኖሮ እኛስ መምህርነትን ምን ብለን እንመርጥ ነበር?

ነገር ግን ንግግር የትምህርት ዕቅድ እንጂ ትምህርቱ አይደለም። ዕቅዱ ያማረለት ሁሉ ክፍል ገብቶ እንደማያስተምር ለልምምድ የወጣ እጩ መምህር ያውቀዋል። ስለዚህ አፈጻጸሙን እንይ። ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ በ2012 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣቸው። ይህን መካድ አይገባም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተነሣ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ከባድ መሣሪያ እዚሁ ደብረ ታቦር ላይ ወደቀ፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን በተቀጣጠለው ውጊያ ሳቢያም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ይህንንም መካድ አይገባም።

አባቶች «ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ። አነጋገር ፍርድን እንደሚስብ ያውቁ ነበርና ነው። እኛ የምንለው፣ አድናቆት ደብተር ይያዝለት ነው። መሪው ምን ቃል ገባ? መቼ ሊፈጽመው? ማን ይጠይቀዋል? ይህ ሳይጻፍ ከቀረ ጭብጨባው ያልፍና ጥያቄው ይረሳል፤ አድናቂውም ነገ ወይ ጭፍን ደጋፊ ወይ ጭፍን ጠላት ይሆናል።

ውድ እጩ መምህራን፣ ብዙዎቻችሁ ያኔ ልጆች ነበራችሁ። ነገ በፋርጣ፣ በላይ ጋይንት ወይም በስማዳ አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ሰውዬው ጥሩ ተናገሩ አይደል?» ቢላችሁ፣ ደስታውን አትንጠቁት። «አዎ፣ ጥሩ ተናገሩ» በሉት፤ ቀጥላችሁም «በል አሁን ምን እንዳሉ ከነቀኑ ጻፈው» በሉት።