«ጨጓራ ነው» ተብሎ ለሚመለስ ታካሚ

ከወልድያ ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ኮን፣ ድባቴ የያዘው ገበሬ ጤና ጣቢያ ገብቶ «ከፍቶኛል» ማለት ይከብደዋል። ራሴን ያመኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ይላል፤ «ጨጓራ ነው» ተብሎም የጨጓራ መድኃኒት ይዞ ይመለሳል።

ችግሩ የኮን ብቻ አይደለም። በጉራጌዋ ሶዶ የተካሄዱ ጥናቶች የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች አብዛኞቹን የድባቴ ታማሚዎች ሳይለዩ እንደሚያልፏቸው አሳይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው መርሐ ግብር የአእምሮ ስፔሻሊስት ያልሆኑ ባለሙያዎችም የአእምሮ ሕመምን እንዲያክሙ ያለመ ነው፤ ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። ታዲያ ስለ ስሜቱ መጠየቅ ያለበት ባለሙያው ነበር!

እስኪጠይቅ ግን ታካሚው ራሱ ይናገር፦ ከሁለት ሳምንት በላይ የዘለቀውን ሐዘን፣ የሥራ ፍላጎት ማጣቱን፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ። ካልተሰማ ሌላ ባለሙያ ወይም የሆስፒታል ሪፈር ይጠይቅ። ጠበል የሚሄድም የታዘዘለትን የድባቴ መድኃኒት አያቋርጥ፤ ክኒኑ ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት ይፈጃል።