ግድግዳና ብዕር



እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ብዙ ቤተሰቦች በዕረፍት ቀን ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ተራራው ይወጣሉ። እዚያው ተራራ ላይ ዳግማዊ ምኒልክ ወደ አዲስ አበባ ከመውረዳቸው በፊት የኖሩበት ቤተ መንግሥት ይገኛል። ጭቃና እንጨት የሚበዛበት ቤት ነው። ታሪኩ ተጽፎ ባይቆየን ኖሮ ልጆቻችን የአንድ ባላገር ጎተራ መስሏቸው ባለፉት ነበር። ቤትን የሚያናግረው ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍንም ከዝናብ የሚያስጥለው ቤት ነው።

በእስልምና ሁለቱ ከጥንትም አልተለያዩም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ላይ በጭቃ ጡብና በቴምር ግንድ ባሠሩት መስጂድ ውስጥ «ሱፋ» የተባለ ጥላ ነበር። መጠጊያ የሌላቸው ሶሐቦች እዚያ ያድሩ፣ እዚያም ይማሩ ነበር። ዑባዳ ኢብኑ ሷሚት (ረ.ዐ.) ከእነርሱ መካከል ለአንዳንዶቹ ቁርኣንና ጽሕፈት አስተምረዋል።

ኸሊፋ ዐብዱልመሊክ በአል-ቁድስ ቁብበቱ አስ-ሰኽራን ባሠሩ ጊዜ ደግሞ 72 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 691/92) የሚል ጽሑፍ በውስጡ ሰፈረ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በእርሳቸው ስም ቦታ የኸሊፋ አል-መእሙን ስም ተተካ። ዓመቱን ግን የነካው አልነበረም። ስለዚህ ትክክለኛው አሠሪ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ከዚያው ግድግዳ ላይ ይነበባል።

ይህ ሲባል ግድግዳን ሁሉ በአንቀጽ እናስጊጥ ማለታችን አይደለም። ኢማም ነወዊ (ረሒመሁላህ) ቁርኣንን በግድግዳ ላይ መቅረጽ በሻፍዒይ መዝሀብ የተጠላ መሆኑን ገልጸዋል። የሐረር ጁገል ቤቶች ሌላ መንገድ ያሳዩናል፤ ግድግዳቸው ሲሠራ በውስጡ የዕቃ ማስቀመጫ ጉድባ ይተውለታል፤ ቁርኣንና ኪታብም ይቀመጥበታል። ከተማይቱ በኪታብ ግልበጣና ጥረዛ የታወቀችው ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ዛሬ በየቦታው አሮጌ የጭቃ መስጂድ ፈርሶ በብሎኬትና በሲሚንቶ ይሠራል። ጀመዓው በዝቷልና አልሐምዱ ሊላህ። ይሁን እንጂ መሬቱን ወቅፍ ያደረገው ማን ነበር? የመጀመሪያው ኢማምስ? የትኛው ሸኽ የትኛውን ኪታብ አቀሩበት? ይህ ካልተጻፈ ከፍርስራሹ ጋር አብሮ ይጠረጋል። ነገ የይዞታ ጥያቄ ቢነሳም እጃችን ላይ ማስረጃ አይኖርም። በጣሪያው ሥር የተቀመጠ የእጅ ጽሑፍ ኪታብም ከቆሻሻ ጋር የሚጣልበት ጊዜ አለ።

ወጣቶች ሆይ! ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ደብተር ይበቃል። ከመፍረሱ በፊት መስጂዱን ለኩ፤ ሚሕራቡንና በሩን ፎቶ አንሱ፤ ሽማግሌዎችንና እናቶችን ጠይቁ፤ የነገሯችሁን በሂጅራም በኢትዮጵያም ዓመት ጻፉ። አንዱን ቅጂ በመስጂዱ፣ ሌላውን በሌላ ቦታ አስቀምጡ። አሮጌ ኪታብ ስታገኙ ለሚያውቅ ዓሊም ሳታሳዩ አትጣሉ። ወላጆችም በሚቀጥለው ጁሙዓ ልጆቻችሁን «ይህን መስጂድ ማን አሠራው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን የሚያውቅ ከጠፋ፣ ሥራው ከዚያው ይጀምራል።

አላህ ለመልካም ይወፍቀን። ወሰላም።