ለሁለተኛ ሞተር ሳይክል ገዢዎች፦ ከቆጣሪው ይልቅ አያያዙ ይታይ



እንደምታውቁት በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባችን ከሚቀርቡት ጉዳዮች አንዱ፣ ከማኅበሩ የብድር ገንዘብ ለሁለተኛ ሞተር ሳይክል መግዣ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ የሚለው ነው። በሰፈራችን አንድ ዶቅዶቄ ይዘው የሚተዳደሩ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። ዕቃ ያደርሱበታል፣ ገበያ ይደርሱበታል፣ ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሱበታል። ያቺ አንዷ ጋራዥ የገባች ቀን ግን የቤቱ ሥራ ሁሉ ቀጥ ይላል። ስለዚህ አንዳንድ አባሎች፣ ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ ቢሆንም ዋጋው ቀለል ያለ አሮጌ ሞተር በተጠባባቂነት እንግዛ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ፣ «አሮጌ መግዛት ማለት ብርን ለጋራዥ መገበር ነው፤ የድሃ መዋጮ ለዚህ አይውልም» ብለው ይቃወማሉ። እኛም የሁለቱንም ወገን ቃል ከሰማን በኋላ ሐሳባችንን በዚህ ሰሌዳ ላይ ልናሰፍር ወደድን።

አቋማችን ባጭሩ ይህ ነው፦ ብድሩ ይሰጥ። ነገር ግን ወረቀቱ ያልተሟላ፣ ከሻጩ ሌላ በሆነ መካኒክ ያልታየ ሞተር በማኅበሩ ብር አይገዛ።

አዲስ ይገዛ የሚለውን ምክር አንንቅም። ሆኖም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲሆን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ሞተሩም መለዋወጫውም በዶላር የሚገባ ስለሆነ፣ አንድ ሞተር ያለው ሰው ሁለተኛውን አዲስ ግዛ ቢባል ከየት ያመጣል? ለብዙዎቻችን ምርጫው አሮጌ መግዛት ወይም ያለ ሁለተኛ መኖር ነው።

ብዙ መሄድ በራሱ በሽታ ነው ብለን አናምንም። እስቲ እናስላው። ከዚህ ከሐዋሳ ሻሸመኔ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ሰው በቀን አንድ ጊዜ ደርሶ ቢመለስ 50፣ በሳምንት ስድስት ቀን ቢሠራ 300፣ በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ያልፋል ማለት ነው። ስለዚህ 60,000 የሚያሳይ ሞተር ባለቤቱ አራት ዓመት በደንብ ሠርቶበታል እንጂ ሌላ ጉድ የለበትም። እንዲያውም በየጊዜው ዘይቱ እየተቀየረ 60,000 የሄደው፣ ሦስት ዓመት ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ቆሞ 9,000 ብቻ ከሚያሳየው ይሻላል። የቆመ ሞተር ጎማው ይሰነጠቃል፣ ካርቡራተሩ ይደፈናል፣ ታንከሩ ከውስጥ ይዝጋል።

ከዚህም ሌላ ቆጣሪው ራሱ የሚታመን አይደለም። ገመዱ የተነቀለ ወይም የተበጠሰ እንደሆነ ሞተሩ ሲሄድ ቁጥሩ ይቆማል። ባለ አምስት አኃዝ የሆነው ደግሞ 99,999 ሲደርስ ተመልሶ ከዜሮ ይጀምራል። አምስት ዓመት በሥራ ላይ የኖረ ሞተር 18,000 ብቻ ካሳየ፣ እንዴት? ብሎ መጠየቅ ነው። በቅሎ ስንገዛ ጥርሷን ገልጠን እናይ የለም እንዴ? የሞተርም ጥርስ አለው። የእግር መርገጫው ጎማ ተበልቶ እንደሆነ፣ የእጀታው ላስቲክ ለስልሶ እንደሆነ፣ የቁልፉ ቀዳዳ ሰፍቶ እንደሆነ ይታይ። በጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት ቁጥሮችም ይነበቡ፤ ፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ኋለኞቹ ሁለቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ዓመቱን ይናገራሉ። 2318 ቢል ጎማው የተሠራው በ2018 በ23ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው።

ለማየት ስትሄዱ በጧት ሂዱ፤ ሻጩንም አስቀድሞ እንዳያሞቀው ንገሩት። ችግሩን የሚያወጣው የቀዘቀዘ ሞተር ነው። ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣ ከሆነ ዘይት እየበላ ነውና ፋሻው ወይም ቫልቩ ጋ ሥራ አለ። እንደ ያማሃ ዲቲ 125 ያሉት ዘይትን ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥሉ ስለሆኑ በተፈጥሯቸው ያጨሳሉ፤ እነሱን በዚህ አትፍረዱባቸው። የፊቱን ፍሬን ይዛችሁ ሹካውን ወደ ታች ደፍቃችሁ ዘይት ያንጠባጥብ እንደሆነ እዩ። የሰንሰለቱ ጥርስ እንደ መንጠቆ ከተቆለመመ መቀየሪያውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። አዲስ ቀለምና የሚያብረቀርቅ ማርሚታ አያታልላችሁ፤ ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ ዕጣ እንዳይደርስ።

በእኛ በኩል ከሁሉ የምናስቀድመው ምክር፣ ሁለተኛው ሞተር ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ይሁን የሚለው ነው። ቤት ያለው ቦክሰር ከሆነ ሁለተኛውም ቦክሰር፣ አፓቺም ከሆነ አፓቺ። የአንዱ ካንዴላ፣ የአንዱ ፍሪሲዮን፣ ሲቸግርም የአንዱ ቸርኬ ለሌላው ይሆናል፤ መካኒኩም በሽታውን ያውቀዋል። ወጣቶቻችን ግን ልባቸው ወደዚያ ረዥም፣ ዝቅ ብሎ እንደ ሶፋ ወደሚያስቀምጠው ክሩዘር ወደሚሉት ነው። ነገሩ ውበት እንዳለው አንክድም። እንደ ሆንዳ ሻዶና ያማሃ ቪራጎ ያሉት ትልልቆቹ በአሜሪካ ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሄዱ የሚገኙትም ቀስ ብለው የሚሠሩ ትልልቅ ሲሊንደሮች ስላሏቸው ነው። ዳሩ ግን ከሁለት ኩንታል በላይ የሚመዝን ሞተር በኮብልስቶንና በጭቃ መንገዳችን ላይ ሲወድቅ ማን ያነሣዋል? ዕቃውስ ከየት ይመጣል? ለደስታ የሚገዛ በራሱ ኪስ ይግዛ፤ እንኳን ደስ ያለህ እንለዋለን። የማኅበሩ ብድር ግን ለእንጀራ ነው።

ስለ ወረቀቱ ጉዳይ አጥብቀን እንናገራለን። ብዙ ቤት ያጎደለው የሞተሩ ብልሽት ሳይሆን የሊብሬው ነገር ነውና። በሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር በብረቱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ትስማማ፣ ትፈርምም። ዕዳ ወይም እግድ እንዳለበት ሞተሩ በተመዘገበበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ይጠየቅ። ከመሥሪያ ቤት ወይም ከርዳታ ድርጅት በጨረታ የወጣ ከሆነም ከቀረጥ ነፃ የገባ እንደሆነ ይጣራ፤ ቀረጡ ሳይከፈል ወደ ግል ስም አይዞርምና። ከሁሉ የከፋው በውክልና ብቻ መግዛት ነው። ወካዩ የሞተ እንደሆነ ውክልናው አብሮት ይሞታል፤ ገዢው ከወራሾች ጋር ሲከራከር ይከርማል። ሻጭም ቢሆን አይዳን፤ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ሞተሩ ጉዳት ቢያደርስ አስቀድሞ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነውና፣ ስሙ ሳይዞር የቀረ ሻጭ ባልነዳው ሞተር ፍርድ ቤት ይቆማል። ስለዚህ ሁለቱም ወገኖች ውልና ማስረጃ ሄደው ይፈራረሙ፣ ስሙም ይዙር።

ሞተሩ ሁለተኛ ነው ተብሎ ደግሞ ቦሎና መድን አይዘለልም። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የታዘዘ ግዴታ ነው። ተጠባባቂ ተብሎ የቆመው ሞተር አንድ ቀን በችኮላ ወጥቶ የጎረቤት ልጅ ቢገጭ፣ የሚለያየው ሁለት ቤተሰብ ነው፤ ዕድራችንም ጭምር ይናጋል። መንጃ ፈቃድ የሌለው ልጅ «አሮጌዋን ብቻ» እየተባለ አይለማመድባት። ሄልሜትም ለነጂውም ለተፈናጣጩም ይገዛ፤ ዋጋው ከሞተሩ ዋጋ ጋር አብሮ ይታሰብ።

በመጨረሻም ስለ ገንዘቡ። ያለውን ብር በሙሉ ለሻጩ የሚሰጥ ሰው በወሩ ተመልሶ ይበደራል። አሮጌ ሞተር ገዝቶ ዘይት፣ ጎማ፣ ሰንሰለትና የፍሬን ሸራ ሳይቀይር የሚነዳ የለምና፣ ከአራት እጅ ሦስቱ ለመግዣ ቢውል አንዱ እጅ ለጥገና ይቀመጥ እንላለን። እንበል፣ 80,000 ብር ያለው በ60,000 የሚገኘውን ይፈልግ። ብድሩም በሁለት ጊዜ ቢሰጥ ይሻላል፤ መጀመሪያ ለግዢው፣ ስሙ ከዞረና ቦሎው ከተለጠፈ በኋላ ደግሞ ለጥገናው። ለለቅሶ የተቀመጠው የዕድር ብር ግን በምንም ዓይነት አይነካ። ሐዘን ቀጠሮ የለውም።

የማይስማማ አባል ይኖራል፤ ይኑርም። ነገር ግን ቡና ላይ አምቶ ከመቅረት፣ ስብሰባው ላይ ተነሥቶ ቢናገር ለሁላችንም ይጠቅማል። የምንበደረው የሁላችንን መዋጮ ነውና ሳይቃጠል በቅጠል እንበል። እንግዲህ በጉባኤው እንገናኝ።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት