ኮሚሽኑ ከየትኛው ላይ ነው የተቆረጠው?

የዓለም ጤና ልጅ ነኝና ፕሮግራሚንግን የማየው በቲማቲምና በሽንኩርት ሂሳብ ነው፤ አትፍረዱብኝ።

በጃቫስክሪፕት የሚሠራው ማትጄኤስ የተባለ የሂሳብ ላይብረሪ "ቼይን" የሚል ነገር አለው። አንድ ቁጥር ትሰጡታላችሁ፣ ከዚያ ስሌቱን በነጥብ እያያያዛችሁ ትቀጥላላችሁ፤ መጨረሻ ላይ "ደን" ስትሉት ውጤቱን ያወጣል። ቼይን(3).አድ(4).መልቲፕላይ(2).ደን() መልሱ 14 ነው። አንዳንድ ጓደኞቼ "3 + 4 × 2 እኮ 11 ነው፤ ማባዛት ይቀድማል!" ብለው ይናደዳሉ። ቀመሩ ላይ ልክ ናቸው። ቼይን ግን ቀመር አይደለም፤ የተባለውን በተባለበት ተራ ነው የሚሠራው። ሱቅ ውስጥ ያለችው ትንሿ ካልኩሌተርም እንዲሁ ናት።

ያለ ቼይን መልቲፕላይ(አድ(3, 4), 2) ብለን ነው የምንጽፈው። ይህን ለማንበብ ከውስጥ ተነስቶ ወደ ውጭ መውጣት ነው። እኛ ቤት ግን "ሦስት ላይ አራት ደምር፣ በሁለት አባዛው" ነው የሚባለው።

አንዳንዶች ቼይንን የሰነፍ አጻጻፍ ይሉታል። እንደኔ እንደኔ ትልቁ ጥቅሙ ማጠሩ ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ማሳየቱ ነው። ለአባቴ የቲማቲም ሽያጭ ፕሮግራም ስሠራ ሁሉንም በአንድ ረጅም ቀመር ጠቅልዬው ነበር። "ኮሚሽኑ ከየትኛው ላይ ነው የተቆረጠው?" ሲለኝ መልስ ጠፋኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሽያጩ 10,000 ብር፣ የደላላ ኮሚሽን 5 በመቶ፣ ጭነት 300 ብር ይሁን። በ0.95 አባዝቶ 300 ከተቀነሰ 9,200 ይተርፋል። መጀመሪያ 300 ተቀንሶ በ0.95 ከተባዛ ግን 9,215 ነው። 15 ብር ምን አላት ትሉ ይሆናል። በ20 ጭነት 300 ብር ትሆናለች፤ ያውም የአንድ ጭነት ኪራይ!

ለሁሉም ይሁን አላልኩም። 20 ሣጥን ቲማቲም በ400፣ 5 ኩንታል ሽንኩርት በ2,000 ብር ተሸጠ ብላችሁ ሁሉንም በአንድ ቼይን ብትደረድሩት 18,000 መሆን የነበረበት 16,010,000 ይሆናል። እኔ አድርጌዋለሁ፤ አባቴ ለአንድ ማታ ሚሊየነር ሆኖ አደረ። ሁለት ነገር ሲደመር እያንዳንዱን ለብቻው አስልቶ ማምጣት ግድ ነው።

የኮሚሽኑን ሂሳብ አሁን ሁለቱንም አማራጭ በሁለት ቼይን ጽፌ ለአባቴ ሰጥቼዋለሁ። ከደላላው ጋር ክርክሩ ገና አላለቀም።