ድንበር በተቃውሞ ደብዳቤ ብቻ አይጠበቅም



በሰኔ 2014 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ከባድ ክስ አሰማ። የኢትዮጵያ ጦር ሰባት የሱዳን ወታደሮችንና አንድ ሲቪል ማርኮ ገደለ፣ አስከሬናቸውንም ለሕዝብ አሳየ አለ። ካርቱም አምባሳደሯን ጠራች፤ ለተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት አቤት እንደምትልም አስታወቀች። የእኛ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ክሱን አስተባበለ። ግጭቱ የሱዳን ጦር ድንበር ጥሶ ከገባ በኋላ ከአካባቢው ሚሊሻ ጋር በኢትዮጵያ መሬት ላይ የተደረገ ነው አለ፤ በጠፋው ሕይወት ማዘኑንና ምርመራ እንደሚደረግ ገለጸ። ብዙም ሳይቆይ የሁለቱ አገር መሪዎች ናይሮቢ ላይ ተጨባበጡ። የመተማ፣ የቋራና የአርማጭሆ ገበሬ ጥያቄ ግን በዚያ መጨባበጥ አልተመለሰም።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንነሳ። የ1894ቱ ውል በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል ተፈረመ። በ1895 ዓ.ም. መስመሩን በምድር ላይ ያሰመረው እንግሊዛዊው ሻለቃ ግዊን ነው፤ የኢትዮጵያ ተወካይ አብሮት አልነበረም። በ1964 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ደብዳቤ ሲለዋወጡ፣ የሰፈሩት ገበሬዎች ጉዳይ መፍትሔ እስኪያገኝ ነባሩ ሁኔታ እንዲጠበቅ ተስማምተው ነበር። በ2000 ዓ.ም. የተደረገው ድርድር ግን ሕዝቡን ያስቆጣው ከሕዝብ ዓይን ርቆ ስለተካሄደ ነው።

ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲጀመር የሱዳን ጦር ወደ አልፋሽቃ ገባ። በታኅሣሥ ወር ካርቱም ላይ በተደረገው የድንበር ስብሰባ የወቅቱ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር አቶ ደመቀ መኮንን የገበሬዎቻችን ምርት መዘረፉን፣ ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን ተናገሩ። አቤቱታው እውነት ነበር። ግን ጦሩ ከድንበሩ ሲነሳ ገበሬው ለማን ተተወ? አገር የመከላከል ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 የፌዴራሉ መንግሥት ነው። ገበሬውን ለጦር ፊት አጋልጦ መተው፣ ችግር ሲመጣ ደግሞ «የአካባቢው ሚሊሻ ነው» ማለት ኃላፊነትን መሸሽ ነው።

ስለ ምርኮኛው ጉዳይም በግልጽ እንናገር። ሁለቱም አገሮች የ1949ኙን (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ስምምነቶች ተቀብለዋል። እጁን የሰጠ ወታደር አይገደልም፣ ለመሳለቂያም አይቀርብም። የራሳችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 28ም ያለ ፍርድ መግደልን በይርጋ ከማይታገዱ ወንጀሎች ይቆጥረዋል። ክሱ ሐሰት ከሆነ ገለልተኛ ምርመራ ስማችንን ያጠራል፤ እውነት ከሆነ አጥፊው ይጠየቃል። ይህን መጠየቅ ለሱዳን መወገን አይደለም። ነገ የእኛ ልጅ ቢማረክ በምን አፋችን «ሕግ ይከበር» እንላለን?

በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ያቃጠላት ጎንደር፣ በ1881 አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁላት አገር፣ ስለ ዳር ድንበር ሰባኪ አያሻትም። የሚያሻት ሕግ አዋቂና ተጠያቂ መንግሥት ነው። ጦርነትም አንሰብክም። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በእርስ በርስ ጦርነት የሚታመሰው የሱዳን ሕዝብ ጠላታችን አይደለም፤ ከሞት ሸሽቶ በመተማ በኩል ወደ እኛ ገብቷል።

ስለዚህ ፓርቲያችን ብትመርጡት፦

1. ስለ ድንበሩ የተደረጉ ውሎችና ደብዳቤዎች ሁሉ ለሕዝብ ይፋ እንዲሆኑ፣ አዲስ ስምምነትም በአንቀጽ 55 መሠረት ለተወካዮች ምክር ቤት ሳይቀርብ እንዳይጸና ይታገላል።
2. የ2014ቱ ምርመራ ሙሉ ውጤት ለሕዝብ እንዲገለጽ ይጠይቃል።
3. ድንበሩን መደበኛው ሠራዊት እንዲጠብቅ ያደርጋል።
4. የተፈናቀለውን ገበሬ መሬትና የጠፋበትን ንብረት በቀበሌ ደረጃ በማስረጃ አስመዝግቦ ካሣ ይጠይቃል። ያልተመዘገበ ጉዳት በየትኛውም ችሎት አይረታም።

«ይህ የቆላው ጉዳይ ነው» የምትሉ የጎንደር፣ የአዘዞ፣ የዳባትና የደባርቅ ነዋሪዎች፣ ሰሊጡ ከየት እንደሚመጣ፣ ከደጋው ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደው ወጣት የማን ልጅ እንደሆነ አስቡ። ድንበሩ ሲደፈር የከተማው ገበያም የእናት ጓዳም ይጎድላል።

ድምፃችሁን የምትሰጡት ለአምስት ዓመት ነው፤ የተሰጠ መሬት ግን በአምስት ዓመት አይመለስም። አስባችሁ ምረጡ!