ቮልስ ገዢ ቀለም አይግዛ

ጀርባዋ የጎበጠው ቮልስዋገን ለመጨረሻ ጊዜ የተመረተችው በሐምሌ 2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ነው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። አዲስ አበባ ላይ ግን ዛሬም ትሽከረከራለች፤ ደላላውም በሚያብረቀርቅ ቀለሟ ዋጋ ይጠራባታል።

ገዢ ቀለሙን ትቶ የኋላ መቀመጫውን ያንሳ። ባትሪው የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ አሲድና ዝገት ወለሉን የሚበሉትም እዚያው ነው።

ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር እንጂ በውሃ አይደለም። ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋ ተበጥሶ ሾፌሩ ጉዞውን ከቀጠለ ሞተሩ ይቃጠላል። የቺንጋ ዋጋ የሚሰስት ባለቤት የሞተር ዋጋ ይከፍላል።

የተነቀለ ኦሪጂናል ዕቃም ለቆራሌው አይሰጥ፤ ዛሬ ከሚተካው ብዙው ተመሳስሎ የተሠራ ነውና። ቮልስን የሚያቆያት የባለቤቷ ትዕግሥት ነው። ትዕግሥት የሌለው ባይገዛት ይሻላል።