ማንጎው ከዛፉ ሥር እያለ ማን ይገዛል?

ከአንድ ዕጩ መምህር

ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ትምህርት ቤት የደረሰብኝን ላውጋችሁና ከዚያ ወደ አሳቤ እገባለሁ። ልትስቁብኝ ትችላላችሁ፤ ግድ የለም።

የተሰጠኝ 6ኛ ክፍል ነበር፤ የመረጥኩት ርእስ ደግሞ ሥራ ፈጠራ። ስገባ አንድ ልጅ በእረፍት ሰዓት የሚሸጠውን ማንጎ በፌስታል ይዞ ከኋላ ተቀምጦ አየሁ። «ይህ ክፍል ነው እንጂ ገበያ አይደለም» አልኩና ማንጎውን ደጅ አስቀምጦ እንዲመለስ አደረግኩ። ከዚያም ጠመኔዬን አንሥቼ «ሥራ ፈጣሪ ማለት...» ብዬ ሰሌዳውን ሞላሁት። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ገለበጡ። ትርጉሙን በሩጣንኛ አስረዱኝ የሚሉ ቢኖሩም እኔ አልቻልኩም። ሊደወል ሲል «ጥያቄ ያለው?» አልኩ። ያ ባለ ማንጎ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ማንጎው ከዛፉ ሥር በነፃ እያለ ማን ይገዛኛል?»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔ ግን መልስ አልነበረኝም። አሶሳን የሚያውቅ ሰው ጥያቄው ቀልድ አለመሆኑን ያውቃል። ወቅቱ ሲደርስ ማንጎ በየግቢው ይረግፋል፣ ይበሰብሳል። አዲስ አበባ ይሸጥ እንዳይባል መንገዱ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የበሰለ ማንጎ ያን ሁሉ መንገድ በጭነት መኪና አይችለውም። እንዲህ ተፋጠን ሳለን አንዲት ልጅ ሳይፈቀድላት ተነሥታ «መናኸሪያ ውሰደው! አውቶቡስ ላይ ያለ ሰው ዛፍ የለውም» አለችው።

የዚያን ቀን ያስተማረችው እሷ ናት። እኔ ማስታወሻ ነው ያስገለበጥኩት።

አሁን ወደ አሳቤ ልግባ። ሥራ ፈጣሪነትን ለማስተማር መምህራንንና አሠልጣኞችን ማሠልጠን በዓለም ላይ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። ከእነዚህ አንዱ ኤምፕሬቴክ የሚባለው ነው። የሃርቫርዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዴቪድ ማክሌላንድ ባደረገው ጥናት ላይ ተመሥርቶ፣ በተባበሩት መንግሥታት የንግድና ልማት ጉባኤ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1988 በአርጀንቲና ተጀመረ። ልምድ ያላቸው የውጭ አሠልጣኞች የአገሬውን ሰዎች ያሠለጥናሉ፤ እነዚያ ደግሞ ሌላውን። ወደ አገራችን የገባው በ2005 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ማዕከል ሲቋቋም ነው፤ ማዕከሉ በኋላ ወደ ኢንስቲትዩትነት አድጓል። ሥልጠናው 6 ቀን ሲሆን 10 ጠባዮችን ያስተምራል። ዕድልን ፈልጎ ማግኘት፣ መረጃ ማሰባሰብ፣ አስልቶ መድፈር፣ አለመታከትና የገቡትን ቃል መጠበቅ ከእነዚህ ውስጥ ናቸው።

ልብ በሉ፤ ያቺ የ6ኛ ክፍል ልጅ ከ10ሩ ቢያንስ ሁለቱን ይዛ ነው ክፍል የገባችው። ያጣችው የሚሰማት መምህር ነው።

ሥልጠናው ከውጭ መምጣቱ እኔን በበኩሌ አያስከፋኝም። ማንጎ ራሱ እኮ የአሶሳ ተወላጅ አይደለም፤ ከእስያ የመጣ ዛፍ ነው። አፈራችን ውስጥ ሥር ስለሰደደ የእኛ ሆነ። የምፈራው ሥልጠናው ሥር ሳይሰድ ፎልደርና ምስክር ወረቀት ሆኖ እንዳይቀር ነው። ስድስት ቀን በውይይትና በልምምድ የሠለጠነ መምህር ወደ ክፍሉ ተመልሶ «ጻፉ» ካለ ምን ተረፈው? ስለ ራስ መተማመን እያስገለበጡ ራሱን የሚተማመን ልጅ ማፍራት አይቻልም።

ነገሩ በአፍሪካም አዲስ አይደለም። ጁሊየስ ኔሬሬ እ.ኤ.አ. በ1967 ትምህርት ራስን ለመቻል በሚለው መመሪያቸው የታንዛኒያ ትምህርት ቤቶች እርሻ ይኑራቸው ብለው ነበር። በእኛም አገር በደርግ ዘመን «ትምህርት ለምርት» ተብሏል። አሳቡ መልካም ነበር። ዳሩ ግን መልካም አሳብ ክፍል ደርሶ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። እኔ በተማርኩበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጓሮ አትክልቱን የሚኮተኩተው ያረፈደ ተማሪ ነበር። ስለዚህ የተማርነው ሥራ ቅጣት መሆኑን ነው።

ዛሬ የዩኒቨርሲቲ 1ኛ ዓመት ተማሪዎች ኢንተርፕረነርሺፕ የሚባል የጋራ ኮርስ ይወስዳሉ። ደግ ነው። ግን ስንቱ እዚያ ይደርሳል? በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። እኛ ተመርቀን የምንሄደው ደግሞ ወደ መንጌ፣ ወደ ሸርቆሌ፣ ወደ ኩርሙክ ነው። እዚያ ልጁ ደብተሩን ጥሎ ወርቅ ፍለጋ ሲሄድ እኛ ስም መጥሪያው ላይ «ቀሪ» ብለን እናልፈዋለን። ቀኑን ሙሉ ቆፍሮ ባዶ እጁን እንደሚመለስ፣ ለመሣሪያ ስንት እንደሚከፍል፣ ስንት እንደሚተርፈው አብረነው ብናሰላ ግን ሒሳብም አስተማርነው፣ ምናልባትም ወደ ክፍል መለስነው።

«እና ሁሉም ነጋዴ ይሁን ወይ?» የሚለኝ ጓደኛ አለ። የለም፣ አላልኩም። ሐኪምም፣ ገበሬም፣ መምህርም ያስፈልገናል። ደግሞም «ሥራ ፍጠሩ» የሚለው ቃል ሥራ ላጣ ወጣት የማባረሪያ መልስ መሆን የለበትም። ልጅቷ መናኸሪያውን ታሳያለች እንጂ መንገድና የፍራፍሬ ማቀዝቀዣ መጋዘን አትሠራም። ያ የመንግሥትና የትልልቆች ፋንታ ነው።

የእኛ የዕጩ መምህራን ፋንታ ግን ከእጃችን አለ። በሚቀጥለው ልምምድ እያንዳንዳችን ከአካባቢው አንድ እውነተኛ ጥያቄ ይዘን እንግባ፤ የማንጎው፣ የቀርከሃው አልጋና ቅርጫት፣ የእናቶች ጉልት ይሁን። ልጆቹ ሄደው ይጠይቁ፣ ይቁጠሩ፣ ይከራከሩ፤ ቢሳሳቱም ማርክ አይቀነስባቸው። ከእኛ መካከል ሥልጠና የሚደርሰው ካለ ደግሞ በተመለሰ በሳምንቱ ለቀረነው አንድ ክፍለ ጊዜ ያካፍለን፤ አበሉን አንጠይቀውም!

እኔ ማንጎውን ደጅ ያስወጣሁበትን ቀን አልረሳም። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ትምህርቱን ከዚያ መጀመር ነበረብኝ። የሚቃወመኝ ካለ እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፤ ቦታ አለ።